አሥራ አምስት ደረጃ ወደ ታች

ቀረጻውን በጆሮ ማዳመጫ ለሰማ ሰው ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሦስቱ ሙዚቀኞች ብቻ አይደሉም። ፒያኖው ዝቅ ባለ ቁጥር ከኋላ ብርጭቆ ከብርጭቆ ይጋጫል። አንዲት ሴት ትስቃለች። የጀመሩትን ወሬ ለሙዚቃ ብለው ማቋረጥ ያልፈለጉ ሰዎች ድምፅ እንደ ሩቅ ገበያ ያጉረመርማል። መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ተናድጄ ነበር። «ኧረ ዝም በሉ!» ልላቸው ዳዳኝ፤ ያን መጠጥ የጠጡት እኔ ከመወለዴ በፊት መሆኑን ረስቼ። ዛሬ ግን ያን ጫጫታ አጥፍተን እንስማው የሚል ሰው ቢመጣ እከራከረዋለሁ። ሦስቱ ሰዎች ምን ያህል ዝቅ አድርገው እንደሚጫወቱ የምለካው በእሱ ነው።

ቀኑ እሑድ ነበር፤ ሰኔ 18 ቀን 1953 ዓ.ም፣ እንደ ፈረንጆቹ ጁን 25 ቀን 1961። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።) አዲስ አበባ የታኅሣሡን ግርግር ካየች ገና ስድስት ወሯ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ግሪንዊች ቪሌጅ በሚባለው ሰፈር፣ ቪሌጅ ቫንጋርድ በተባለ ምድር ቤት የቢል ኤቫንስ ትሪዮ የሁለት ሳምንት ሥራውን ሊጨርስ ነው። ኤቫንስ ፒያኖ፣ ስኮት ላፋሮ ባስ፣ ፖል ሞቲያን ድራም። ከቀትር በኋላ ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሦስት ጊዜ መድረክ ላይ ወጡ። የሪቨርሳይድ ሸክላ አሳታሚ ኩባንያው ኦሪን ኪፕኒውስ የቀረጻውን ሥራ ይመራል፤ ዴቭ ጆንስ የተባለው የድምፅ ባለሙያ ደግሞ ተሸክሞ ያመጣውን የቴፕ መቅረጫ ይዞ ከሙዚቀኞቹ አጠገብ ተቀምጧል። ከዚያ ቀን የተረፈው ሙዚቃ የሁለት ዝነኛ አልበሞች መሠረት ሆነ፤ «ሰንደይ አት ዘ ቪሌጅ ቫንጋርድ» እና «ዋልትዝ ፎር ዴቢ»።

ላፋሮ 25 ዓመቱ ነበር። ከዚያ እሑድ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን በመኪና አደጋ ሞተ። ይህን ያወቀ አድማጭ እያንዳንዱን ድምፅ እንደ ስንብት መስማት ይጀምራል፤ ስለ ቀረጻው የሚጻፈውም አብዛኛው እንባ ያለበት ነው። አልፈርድም። ነገር ግን ልጁ በዚያ ቀን እንደሚሞት ሰው አልተጫወተም፤ ነገም ተነገ ወዲያም እንደሚጫወት ሰው ነው የተጫወተው። ስለዚህ ሞቱን እዚሁ ልተወውና ስለ እጁ ልናገር።

ከእጁ በፊት ግን ቤቱ። ቤቱ ራሱ መሣሪያ ነውና።

ከመንገድ ሲታይ ቀይ የበር ሸራና ቀይ የመብራት ጽሑፍ ነው። በሩን አልፈው አሥራ አምስት ደረጃ ይወርዳሉ። ታች ያለው ክፍል ሦስት ማዕዘን ነው፤ ተቆርሶ እንደ ቀረበ የድፎ ዳቦ ቁራሽ። ባሩ በሰፊው ወገን፣ መድረኩ በሹሉ ጫፍ። የሚይዘው 123 ሰው ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ጠረጴዛዎቹ የሰው ጉልበት ከሰው ጉልበት የሚያነካኩ። ምግብ መሥራት ከተወ ብዙ ዘመን ስለሆነው ሙዚቀኞቹ በእረፍት ሰዓት የሚቀመጡት በቀድሞው ወጥ ቤት ነው፤ ቢሮውም እዚያው ነው። በአጠገቡ ደግሞ የሰባተኛው አቬኑ የምድር ባቡር ያልፋል።

ሦስት ማዕዘንነቱን ማንም አስቦ አላመጣውም። በ1910ዎቹ ከተማው ሰባተኛውን አቬኑ ወደ ደቡብ ሲቀጥል መንገዱ የሰፈሩን ቤቶች ሰንጥቆ ነው ያለፈው፤ ከሰንጣቂው ግራና ቀኝ ሹል ሹል ቁራሽ መሬቶች ቀሩ። በአንዱ ላይ ይህ ሕንፃ ተሠራ። (መንገድ ሰፈር ሲቆርጥ ለሚያይ የዘመናችን አዲስ አበቤ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ከተቆረጠው የተረፈው ነገር ምን እንደሚሆን ግን ማንም አስቀድሞ አያውቅም።) ለድምፅ የሆነው ይህ ነው፦ ሁለት ግድግዳ ፊት ለፊት ትይዩ ሲቆም ድምፅ በመካከላቸው እንደ ኳስ ይመላለሳል፤ ጭብጨባ ብታሰሙ እንደ ጥይት ተርከክ ይላል። ግድግዳዎቹ እየተራራቁ ሲሄዱ ግን ድምፁ ተመልሶ የሚመጣበትን መንገድ ያጣል። ጠቦ ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ ክፍል እንደ መለከት አፍ ነው፤ ጠባቡ ጫፍ ላይ የተነፈሰው ሁሉ ወደ ሰዎቹ ይፈስሳል። በዝቅተኛው ጣሪያ ሥር የተጠጋጋው የሰው ገላና ልብስ የተረፈውን ይመጠዋል። በዚህ ክፍል የተቀረጸ ሙዚቃ አንድ የጋራ ጠባይ አለው፤ ቅርብ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ግን አይቆረቁርም። ሙዚቀኛው ሳያውቀው የሳተውን ድምፅ የሚደብቅለት ማስተጋባት የለም።

የቤቱን ታሪክ ፈጠን ብዬ ልለፈው። ማክስ ጎርደን ከሊትዌኒያ በልጅነቱ የመጣ ሰው ነው፤ ሙዚቀኛ አልነበረም። በ1935 እዚህ ምድር ቤት ሲገባ ያስገባው ገጣሚዎችን ነበር፤ ከዚያ ቀልደኞችን፣ ከዚያ የሕዝብ ዘፈን ተጫዋቾችን። ጃዝ ብቻ የሆነው በ1957 ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1948፣ ሎሬይን የተባለች ወጣት ሴት ቴሎኒየስ መንክ የሚባል ፒያኒስት ካላስገባህ ብላ ወጥራ ይዛው እሺ አለ፤ ሰው አልመጣም። ሴትዮዋን ግን አገባት። በሜይ 1989 ሲሞት እሷ ቤቱን አንድ ሌሊት ዘጋች፤ በማግሥቱ ከፈተችው፤ ከዚያም 95 ዓመቷ ላይ በ2018 እስክትሞት ድረስ በሩን ጠበቀች። ከእሷ በኋላ ልጃቸው።

እነዚህ ሰዎች ለሙዚቃ ከሠሩት ነገር ሁሉ ትልቁ የሚመስለኝ የሳምንቱ ልማድ ነው። አንድ ባንድ ማክሰኞ ይገባል፤ እሑድ ይወጣል። አንድ ሌሊት ተጫውቶ ሻንጣውን ይዞ የሚሄድ ሙዚቀኛ የሚያውቀውን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ሌላ ለማድረግ ጊዜ የለውም። ስድስት ሌሊት የተሰጠው ግን የሚያውቀው ያልቅበታል። ማክሰኞ ጥንስስ ነው፤ ሁሉም በጨዋነት ይጫወታል፣ ክፍሉን በጣቱ ይዳስሳል። ረቡዕ ያው ዘፈን ሲደገም አንዱ ይሰለቸውና ከመንገድ ይወጣል፤ ሌላው ይከተለዋል፣ ወይም አይከተለውም። ሐሙስ ድፍድፍ። ዓርብና ቅዳሜ ክፍሉ ይሞላል፤ ሰው ሲበዛ ድምፁም ይለወጣል። እሑድ ሲደርስ ሁሉም የሌላውን ትንፋሽ ያውቃል፤ ድካምም አለ። ድካም ደግሞ ትርፍ እንቅስቃሴን ይቆጥባል። ሳክስፎን ነፊው ሶኒ ሮሊንስ በዚህ ቤት የመጀመሪያውን የቀጥታ ቀረጻ ያደረገው ኖቬምበር 3 ቀን 1957 ነው፤ ቀን መቁጠሪያውን ያየ ሰው እሑድ ሆኖ ያገኘዋል። ሌላው ሳክስፎን ነፊ ኮልትሬን በ1961 ኖቬምበር እዚያው የቀረጸው የመጨረሻው ሌሊትም እሑድ ነው። የኤቫንስ ትሪዮ ግን አንድ ሳምንት ሳይሆን ሁለት ነበር የቆየው። ቴፑ የተከፈተው ሲጠመቅ ሳይሆን ሲቀዳ ነው።

አሁን ወደ እጆቹ።

ከኤቫንስ ግራ እጅ ልጀምር። ፒያኒስት ኮርድ ሲመታ ከሁሉ በታች ሥር የሚሆን ድምፅ አለ፤ ለኮርዱ ስሙን የሚሰጠው እሱ ነው፣ ጆሮም የሚደገፈው በእሱ ነው። ኤቫንስ ይህን ሥር ይተወዋል። ግራ እጁ ወደ ታች ወርዶ አይደበድብም፤ ከፒያኖው መካከል አካባቢ ተቀምጦ ሦስተኛውን፣ ሰባተኛውን፣ አንዳንዴም ዘጠነኛውን ድምፅ አጠጋግቶ ይይዛል። ሁለት ድምፆች በጣም ተቀራርበው ሲቀመጡ የሚፈጠር ጭረት አለ፤ እሱን አይፈራውም፤ ግን ከላይ ለስላሳ ነገር ያለብሰዋል። ሥሩን የተወው ስንፍና ይዞት አይደለም። ያ ድምፅ የባሱ ሥራ ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ውኃ አይቀዳም።

ያን ዘመን ባስ ተጫዋች ማለት ይኸው ነበር፤ በአንድ መለኪያ አራት ጊዜ እየረገጠ ሥሩን እየነገረ የሚሄድ ሰው። ላፋሮ ግን ይህን ሥራ ተረክቦ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። ሥሩ ሲጠበቅ ዝም ይላል፤ ሁለት ምት ዘግይቶ ከላይ፣ ማንም ባልጠበቀው ከፍታ፣ ለፒያኖው መልስ ይሰጠዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ፒያኖው ሥሩን ለባሱ ትቶለታል፤ ባሱም አልያዘውም። ከበሮውም ምቱን እየነገረ አይደለም፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። ቤቱ ያለ ምሰሶ ቆሟል። ግን አንድም ጊዜ አይዘምም። የት እንዳለን ሁልጊዜ እናውቃለን፤ ምክንያቱም ሦስቱም በልባቸው ያው ዘፈን እየሄደ ነው፣ መጋጠሚያው ላይ ደግሞ ባንድ ጊዜ ይደርሳሉ። ያልተጫወቱትን ሥር የምንሰማው እኛ ነን። ሰምና ወርቅን ለሁሉም ነገር መጥቀስ ልማድ ሆኖብን እንደሰለቸኝ እናዘዛለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ወርቁን ሰሚው ካላወጣው ቅኔው አልተዘረፈም።

የላፋሮ ባስ በ1825 ገደማ አብርሃም ፕሬስኮት የተባለ የኒው ሃምፕሸር እጀ ብልኅ የሠራው ነው፤ ከተጫዋቹ በመቶ ዓመት የሚበልጥ እንጨት። ላፋሮ ባስ የጨበጠው 18 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ከዚያ በፊት ክላርኔት ይነፋ ነበር፤ ሲጫወትም ትንፋሽ ያለው ዜማ የሚያስብ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ያደረገው አንድ የእጅ ሥራ ነገር አለ። በገና የሚያውቅ ሰው ጅማቶቹን ተሸክሞ የሚያቆመውን ብርኩማ ያውቃል፤ ባስም እንደዚያው ብርኩማ አለው። ላፋሮ ብርኩማውን ዝቅ አደረገው። ጅማቶቹ ከአንገቱ እንጨት ጋር ሲቀራረቡ ግራ እጅ ለመጫን ጉልበት አይፈልግም፤ መሮጥ ይችላል። ቀኝ እጁም የድሮ ባሲስቶች እንደሚያደርጉት በአንድ ጣት አይጎትትም፤ ሁለት ጣት እየተፈራረቀ፣ እንደ ሁለት እግር።

ይህ ነገር ግን ዋጋ አለው። ጅማት ዝቅ ሲል ድምፅ ያንሳል። በትልቅ አዳራሽ፣ በኃይለኛ ከበሮ ፊት ያ ባስ ይዋጣል። ስለዚህ የላፋሮ አጨዋወት ሦስት ነገር ይሻል፤ ዝቅ ብሎ የሚጫወት ፒያኒስት፣ የማይደበድብ ከበሮ መቺ፣ ትንሽና የማያስተጋባ ክፍል። ሦስቱም እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ተገናኙ። ብርጭቆው የሚሰማውም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ባስ እንዲሰማ ሌላው ሁሉ ዝቅ ማለት ነበረበት፤ ሌላው ዝቅ ሲል ብርጭቆ ይሰማል።

የሞቲያን ወላጆች አርመናውያን ነበሩ። (የእኛ የነሐስ ሙዚቃ በአርመኖቹ በአርባ ልጆችና በናልባንዲያን ቤት እጅ ያለፈ ነውና ይህን ባነበብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ፤ ዝምድናው ከዚያ አያልፍም።) በዚያ እሑድ ብዙ ጊዜ የያዘው ብሩሽ ነው፤ ቀጫጭን የሽቦ ክሮች የታሰሩበት። «ማይ ፉሊሽ ሃርት» በተባለው በጣም ዝግተኛ ዘፈን ላይ የሚያደርገውን ሳስብ ስም አላገኝለትም። ምት አይቆጥርም። ብሩሹ ሲምባሉን ይዳስሰዋል፤ ድምፁ ተመቶ የመጣ አይመስልም፤ ክፍሉ ውስጥ ቀድሞ የነበረ ጭጋግ ነው የሚመስለው። ዝማሜ ቆሞ ያየ ሰው ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል፤ ከበሮው ገና ሳይነሣ፣ መቋሚያው አየር ላይ ሲያዘነብል፣ ምቱ በሊቃውንቱ ትከሻ ውስጥ አለ። ሞቲያን ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚያ ቦታ ላይ ያቆየዋል፤ መረግዱን ሳይደርስ።

እዚሁ ዘፈን ላይ ላፋሮን ስሙት። ያ ሁሉ ፍጥነት ያለው ልጅ እዚህ የሚጫወተው ጥቂት ድምፅ ነው፤ ከታች፣ ረጃጅም፣ አንዱ ሳይሞት ሌላው የማይጀምር። ሥሩንም እዚህ ይሰጣል። ለምን? ዘፈኑ እጅግ ዝግ ስላለ ምሰሶው ከተወሰደ በእርግጥ ይወድቃል። የት ሥሩን መተው እንደሚቻል የሚያውቅ እጅ የት መተው እንደማይቻልም ያውቃል። እኔን የሚያስደንቀኝ ከሩጫው ይልቅ ይኸኛው ነው።

«ዋልትዝ ፎር ዴቢ» ኤቫንስ ለወንድሙ ልጅ የጻፈው ነው። መጀመሪያ ፒያኖና ባስ ብቻ ናቸው፤ በሦስት ምት፣ እንደ ሕፃን የሙዚቃ ሳጥን። ባሱ ከሥር ሌላ ዜማ ይዘምራል፤ አጃቢ አይደለም፣ ሁለተኛ ሰው ነው። ከዚያ ሞቲያን ይገባል፤ ሦስቱ ምት አራት ይሆናል። ይህን መጋጠሚያ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ስፌቱን ለማግኘት። የሸማኔ ሥራ የሚፈተነው ነጩ ሸማ አልቆ ጥበቡ በሚጀምርበት መስመር ላይ ነው፤ መጥፎ እጅ ከሆነ እዚያ ይሸበሸባል። እዚህ አልተሸበሸበም። ሞቲያን አንድ እርምጃ ቀድሞ አልገባም፤ ኤቫንስም ፍጥነቱን ለማሳበቅ አልተጣደፈም። አንዴ ዝም ብለን ቆመን ነበር፤ አንዴ እየሄድን ነው።

«ግሎሪያስ ስቴፕ» ላፋሮ የደረሰው ዜማ ነው። አብዛኛው ዘፈን በአራትና በስምንት የምት ክፍል ይታጠፋል፤ ጆሯችን ሳያውቅ ይቆጥረዋል። ይህ ዜማ ግን አምስት፣ አምስት፣ አሥር ነው፤ በጠቅላላው ሃያ። ሲሰሙት ስንኙ አንድ ቃል የተረፈው ይመስላል፤ ሊሰናከል ነው ሲሉ አይሰናከልም። ላፋሮ ይህን የሠራው ለብልጠት ሲል ቢሆን ኖሮ ያስታውቅ ነበር፤ አምስተኛው ክፍል ግን ዜማው ራሱ የጠየቀው ትንፋሽ ነው። በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ ተጫውተውታል፤ «ኦል ኦፍ ዩ» የተባለውንም ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም በተከታታይ መስማት ጥሩ ትምህርት ነው። የዜማው አጥንት አንድ ነው፤ ላፋሮ የሚገባበት ቦታ፣ የሚመልሰው መልስ፣ የሚተወው ክፍት ሌላ ሌላ ነው። የቅኔ ተማሪ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ለመምህሩ ይዞ ቢቀርብ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ሰው አይገረምም። እዚህ ግን የሌሊት ማሰላሰያ የለም፤ ከቀትር እስከ ምሽት ብቻ ነው ያለው።

ሁሉም ወርቅ ነው አልልም። «ሶላር» ላይ ባሱ ይበዛብኛል፤ መልስ ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው ይሆናል፣ ፒያኖውም በጨዋነት ይተውለታል። ያን ጊዜ ሦስት ሰው መሆናቸው ይቀርና አንድ ሰው ሲናገር ሁለት የሚያዳምጡ ይመስላሉ። ዕድሜው 25 ነው፤ እጁ ከልኩ በፊት ደርሷል። ይህን የምለው ስሙን ለማሳነስ አይደለም፤ «ማይ ፉሊሽ ሃርት»ን የተጫወተውም ያው እጅ፣ በዚያው ቀን ነው።

ሌሊቱ ሊያልቅ ሲል «ጄድ ቪዥንስ» የተባለውን ሌላ የላፋሮ ድርሰት ሁለት ጊዜ ተጫወቱት። ምቱ ዘጠኝ ነው፤ ባሱ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ጅማት እየጎተተ ኮርድ ይይዛል፤ ፒያኖው ከላይ ጥቂት ጠብታ ያንጠባጥባል። እስከዚያ ሰዓት ድረስ በቀኑ ውስጥ የሮጠው እጅ ሁሉ እዚህ ቆሟል። ኪፕኒውስና ኤቫንስ በኋላ የመጀመሪያውን አልበም ሲያዘጋጁ ላፋሮን የሚያሳዩትን መረጡ፤ በእሱ ዜማ ከፈቱት፣ በዚህኛው ዘጉት።

ያው ክፍል ደግሞ ሌላም ይችላል። አምስት ወር ሳይሞላ ኮልትሬን ገባ። ለስላሳ ነገር የለም፤ ኤልቪን ጆንስ ከበሮውን እንደ ነጎድጓድ ያወርደዋል፣ ኮልትሬን «ቼዚን ዘ ትሬን» በተባለው ሥራ አሥራ ስድስት ደቂቃ ያህል ትንፋሽ አይሰጥም። ስያሜውም የመጣው የድምፅ ባለሙያው ሩዲ ቫን ጌልደር በመድረኩ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ሳክስፎን በማይክሮፎን ሲያሳድድ ነው ይባላል። ብርጭቆ አይሰማም። ግድግዳው ግን ያው ነው፤ ያን ሁሉ ጉልበት ሳያደባልቅ፣ የከበሮውን እያንዳንዱን ምት ለይቶ አሳልፎታል። ለሹክሹክታ የተመቸው ድርቀት ለጩኸትም ተመቸ።

ከሳምንቱ ልማድ ውጭ የቀረው ሰኞስ? ሰኞ የኒው ዮርክ ሙዚቀኛ ሥራ የሚፈታበት ቀን ነበር። በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1966 ታድ ጆንስና ሜል ልዊስ ሥራ የፈቱትን ሰብስበው አንድ ሙሉ ኦርኬስትራ ሦስት ሰው በሚጠብበት መድረክ ላይ ጠቀጠቁት። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው የትሮምቦኑ ዘንግ ግንባሩ አጠገብ ይደርሳል። ታድ ጆንስ ለኦርኬስትራ የተጻፈውን ሙዚቃ እንኳ ክፍት እየተወ ነበር የሚያቀናብረው፤ በእጁ ምልክት አንዱን ያስነሣል፣ ሌሎቹን ዝም ያሰኛል፣ የወደደውን ያራዝማል። ጆንስ በ1979 ወደ ዴንማርክ ሄደ፣ ልዊስ በ1990 ሞተ፤ ኦርኬስትራው የቤቱን ስም ይዞ ሰኞ ሰኞ መጫወቱን አልተወም።

ሞቲያን ረጅም ኖረ። በመጨረሻ ዓመታቱ ከማንሃተን መውጣት እምቢ ብሎ ነበር፤ ሊሰማው የፈለገ ሰው ወደ እሱ መምጣት ነበረበት፤ የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያው ምድር ቤት ነው። በ2011 እስከሞተበት ዓመት ድረስ እዚያ ተጫውቷል፤ ከዚያ እሑድ ሃምሳ ዓመት በኋላ። በስተርጅናው የቀረጻቸውን ስሰማ የሚተወው ምት በዝቷል። ሲምባሉን አንዴ ይነካል፤ ይጠብቃል፤ መጠበቁ ሲበዛ አድማጩ ራሱ በልቡ ይመታል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያ እሑድ ከቀትር በኋላ ሲጀመር የመጀመሪያው ዘፈን «ግሎሪያስ ስቴፕ» ነበር። ትሪዮው እየተጫወተ መብራት ሄደ፤ መብራት የሚሄደው እኛ ዘንድ ብቻ እንዳልሆነ ለማወቅ ጥሩ ማስረጃ ነው። የቴፑ ማሽን ቆመ፤ ከዚያ ተመልሶ መዞር ጀመረ። ለአርባ ዓመት ያህል ያ ቀረጻ ለሕዝብ አልወጣም፤ የተበላሸ ነበርና። በ2005 የቀኑ ሙሉ ቀረጻ በሦስት ሲዲ ሲታተም ግን ቀዳዳውን ሳይደፍኑት አስገቡት። ሲሰሙት ሙዚቃው ይሄዳል፤ ይቋረጣል፤ ከዚያ ዜማው ወደፊት ተራምዶ ይገኛል። ፒያኖም ባስም ከበሮም መብራት አይፈልጉምና ሰዎቹ አላቆሙም። በዚያ ባልተቀዳው ጊዜ ውስጥ ላፋሮ የተጫወተው ምን እንደነበር ብርጭቆ የሚያጋጩት ሰዎች ሰምተውታል።